መልእክት ለመተው ሦስትን ይጫኑ

የሞተች ልጅ እስከ መቼ ስልክ ታንሳ የሚለው ክርክር የተነሳው በጠዋት፣ አጎቴ ቤት፣ ምንም በሌለበት ጠረጴዛ ዙሪያ ነው። ሁዳዴ ስለሆነ እስከ ስድስት ሰዓት የሚቀመስ ነገር የለም፤ ቢሆንም ልማድ ነውና በቁርስ ሰዓት ሦስታችንም በየወንበራችን ተሰይመናል። አጎቴ መሳፍንት ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው ዓይናቸውን ብቻ አስቀርተዋል። የእንጅባራ ጉም በበሩ ሥር ይገባል፤ ቆርቆሮው ላይ ያደረው ጤዛ ጠብ ጠብ ይላል። የምሥራች፣ ከፋሲካ በኋላ የምትሞሸረው የአክስቴ ልጅ፣ ፊት ለፊቴ ሆና የአንድ ጣቷን ጥፍር ቀለም በሌላው ጥፍሯ ትፍቃለች። ግድግዳው ሥር የሠርጉ ዕቃ ተከምሯል፤ በውሰት የመጣ ድስት፣ ጤፍ፣ በኬሻ የታሰረ በርበሬ። የበርበሬውን ዋጋ አጎቴ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ይናገራሉ፤ የጤፉን ሲያነሱ ደግሞ የሰማው እንዳይደነግጥ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

"ሽባባው የቢሮው ስልክ ድምፅ ዛሬውኑ ይቀየር ብሏል፤" አልኩ።

"ሠርጉ ይለፍ፤" አሉ አጎቴ ከጋቢያቸው ውስጥ።

"ሾፌሮቹ እያማተቡ ነው የሚደውሉት።"

"ያማትቡ። ማማተብ ምን ክፋት አለው?"

የሚቀየረው ድምፅ የእናትነሽ ነው። እናትነሽ የዚህችው ሙሽራ ታላቅ እህት፣ የአክስቴ የደጊቱ የመጀመሪያ ልጅ፣ የእኔ ደግሞ አንድ ክፍል ተጋርተን የኖርን እህቴ ነበረች። መናኸሪያው አጠገብ ሽባባው ትራንስፖርት ቢሮ ትኬት ትቆርጥ ነበር። የቢሮው ስልክ በራሱ እንዲመልስ ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ የሚመልስበትን ድምፅ የሰጠችው እሷ ናት። በጾሙ መግቢያ ራሴን አለች፤ ባሕር ዳር ሐኪም ቤት በእግሯ ገብታ በሣጥን ወጣች፤ ዳንግላ፣ የአባቷ ዘመዶች ዘንድ ተቀበረች። አገር ሙሉ ለቅሶ ደርሷል። ያልደረሱት እናቷ ብቻ ናቸው።

አክስቴ ደጊቱ ከጫግኒ ወዲያ፣ ቆላው ውስጥ፣ ከወንድ ልጃቸው ከክንዴ ጋር ይኖራሉ፤ ክንዴ ያውቃል፣ ዝም በል ተብሏል። መርዶ ደግሞ ወግ አለው። የሚነግረው ዘመድ ነው፤ ሽማግሌና ቄስ ይዞ፣ ሳይነጋ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ደርሶ ነው የሚነግረው። ዘመድ እስኪወስን ድረስ ጎረቤት ትንፍሽ አይልም፤ ገበያ ላይ ፊት ለፊት ቢገጥማቸው እንኳ ዓይኑን ሰብሮ ስለ ዝናብ ያወራል። በእኛ ቤት የሚወስነው ዘመድ አጎቴ መሳፍንት ናቸው። መጀመሪያ "ዓይኗን ታክማለች፤ ዕንባ እንዳይነካት ብሏል ሐኪሙ" አሉ። እውነት ነበር። ዓይናቸው ሲድን ደግሞ "ሠርጉ ደረሰ" አሉ። ይኼም እውነት ነው። መርዶ ከተነገረ ሠርግ የለም፤ የሙሽራው ወገኖች ዳንግላ ሱቅ ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ ዓመት ጠብቁ ቢባሉ ሌላ በር እንደሚያንኳኩ ሁላችንም እናውቃለን፣ ማናችንም አንናገርም። ስለዚህ ለአክስቴ የተነገራቸው እናትነሽ ስልኳ እንደተሰረቀ፣ ሥራ እንደበዛባት፣ በቢሮው ስልክ ቢደውሉ እንደምትገኝ ነው። ይህን ውሸት የፈጠረው ሰው ቢሮው ስልክ ላይ የእናትነሽ ድምፅ መኖሩን አስቦበት አልነበረም። ሆኖም አክስቴ ደወሉ፤ ልጃቸውም አነሳች።

"ሌላም ነገር አለ፤" አሉ አጎቴ፤ ጋቢውን ከአፋቸው አወረዱ። "ትናንት ክንዴ ደውሎ ነበር። እናትነሽ ራሷ እመጣለሁ ብላ በአፏ ካልነገረችኝ ድግሱን አላስቀጥልም ብላለች ደጊቱ። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኔትወርክ ካለበት ኮረብታ ድረስ ይዟት ይወጣል።"

"ታዲያ እኔ ምን ላድርግ? ላስነሳት?"

የምሥራች ጥፍሯን መፋቅ አቆመች።

"የተቀዳው ሁሉ አንቺ ጋ አይደለም? ቆርጠሽ ቀጥይዋ። ደህና ነኝ፣ ለሠርግ እመጣለሁ። ምንም ያህል ቃል አይደለም።"

"ምንም ያህል ካልሆነ እርስዎ ለምን አይሏቸውም?"

"ይቺ ምላስሽ፤" አሉ አጎቴ፤ ከዚያ ወደ የምሥራች ዞሩ፣ እኔ የሌለሁ ይመስል። "ይቺ ምላሷ ባል አጥታ ትቀራለች።"

"ምላሴ ባል አልጠየቀችም።"

አልሳቁም። እኔም ተነሳሁ። ያናደደኝ የጠየቁኝ ነገር አይደለም፤ ገና ሲናገሩ ሥራው በጭንቅላቴ ውስጥ ተሠርቶ ማለቁ ነው። የትኛውን ቃል ከየት እንደማመጣው አውቄዋለሁ። ይህን ነገር ማንም አላስተማረኝም፤ መብራት ባለ ቁጥር ስልኬ ላይ አፍጥጬ፣ እየሰበርኩ እየጠገንኩ የተማርኩት ነው። ማንም ስላላስተማረኝ ማንም የሚያዝዘኝ አይመስለኝም ነበር። ለካ ችሎታ ራሱ ያዝዛል።

ስወጣ የእናትነሽ ጫማ በሩ ላይ ነበር። ያ ቡናማ፣ ተረከዙ ወደ ውጭ ያረጀ ጫማ። ከቆላ ሰው ይመጣል በተባለ ቁጥር ከአልጋዋ ሥር አውጥቼ በሩ ላይ የማስቀምጠው እኔ ነኝ፤ ሌላ ጫማ አድርጋ ሥራ የሄደች እንድትመስል። ሰሞኑን ለሠርጉ ጉዳይ የሚመላለሰው ሰው ስለበዛ መመለሱን ትቼው እዚያው ይውላል፣ እዚያው ያድራል። ጤዛ ወርዶበት ነበር። አልነካሁትም።

መንገዱ ላይ ጉሙ ገና አልተነሳም። ባጃጆች መብራታቸውን አብርተው ይርመሰመሳሉ፤ ከሰል የጫኑ አይሱዙዎች መናኸሪያው ፊት ተደርድረው ሞተራቸውን ያሞቃሉ። የድንች ነጋዴዎች ኬሻቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ዋጋ ሲጠየቁ መጀመሪያ የጠያቂውን ጫማ ያያሉ፣ ከዚያ ይናገራሉ። የሽባባው ቢሮ በር ላይ ሾፌሩ ይሄነው የሚኒባሱን ጎማ በእግሩ ይመታል።

"ሜላት፣ እውነት ዛሬ ልትለቅ ነው?"

"ማን?"

"እናትነሽ ናታ። ከሥራ።" ወደ ቢሮው በአገጩ አመለከተ። "እሷኮ ሞታም አንድ ቀን አልቀረችም። እኛ ጉንፋን ሲይዘን እንቀራለን።"

ሳቀ። ከዚያ ፊቱን ወደ መኪናው አዞረ፤ ሲያማትብ እንዳላየው።

ሽባባው ጠረጴዛው ጥግ ላይ ተቀምጦ የሁለት ቀን ጋዜጣ የሚያነብ መስሎ ጠበቀኝ። የአባቱን መኪናዎች ወርሶ፣ የአባቱን ስም ሳይሆን የራሱን ስም ጎናቸው ላይ ያስጻፈ ሰው ነው። ክፉ አይደለም። "ዛሬ ከመዘጋቱ በፊት ያንቺን ድምፅ አስገቢበት፤" አለኝ። "አንድ የዘንገና ገበሬ፣ ቀብሯ ላይ የቆመ ሰው፣ ለጭነት ደውሎ እንኳን ደህና መጡ ብትለው ስልኩን ጎተራ ውስጥ ጣለው።"

"ስልኩን ይፈልገዋ። እኔ ጎተራ ልግባለት?"

"ሜላት፣ እኔም እኮ ሰው ነኝ። በጠዋት በሩን ስከፍት እዚያ ሳጥን ውስጥ ታወራለች።" ኮምፒውተሩ ላይ የተሰካችውን ትንሽ ማጉያ አሳየኝ። "ሰላም ልበላት፣ ዝም ልበላት አላውቅም።"

ነገሩ እንዲህ ነው የሚሠራው። ስልኩ ሁለት ጊዜ ይጠራል፤ ሰው ካላነሳው በሦስተኛው ኮምፒውተሩ ያነሳዋል። እኔ የጻፍኩለት ትእዛዝ የትኛውን የድምፅ ፋይል በየትኛው ተራ እንደሚያጫውት ይነግረዋል። መጀመሪያ ሰላምታ፣ ከዚያ ምርጫ፣ ከዚያ መጠበቅ። ደዋዩ ቁጥር ከተጫነ ወደ ቁጥሩ ይወስደዋል፤ ምንም ካልተጫነ አንድ ጊዜ ይደግምለታል፣ ከዚያ ዝም ብሎ የሚለውን ይቀዳል። የመኪና መነሻ በየቀኑ ስለሚለዋወጥ እናትነሽ ዓረፍተ ነገሩን ሙሉ አላነበበችም። "ቀጣዩ መኪና" ለብቻ፣ "ወደ ጫግኒ" ለብቻ፣ "ሦስት" ለብቻ፣ "ሰዓት ተኩል" ለብቻ። ኮምፒውተሩ እየለቀመ ይገጣጥመዋል። የቀዳን ቀን "ቃሌን እንደ ቅርጫ ሥጋ በየመደቡ አስቀመጥሽው" ብላኝ ነበር። በአዊኛም ቀድታለች፤ ያን ስታነብ ድምፅዋ ይለወጥ ነበር፣ የአባቷ እናት የገባችባት ይመስል ወፈር ይል ነበር።

አክስቴ ቁጥር ተጭነው አያውቁም። ስለዚህ የሚሉት ሁሉ ተቀድቶ ይቀመጣል፣ እኔም በጠዋት በጠዋት አዳምጠዋለሁ። ሌላ የሚያዳምጥ የለም፤ ሽባባው መጀመሪያ ሰሞን አንዱን ሰምቶ ከክፍሉ ወጥቷል። ዛሬም ለመጨረሻ ጊዜ ብዬ ከመጀመሪያው ጀምሬ ከፈትኳቸው።

"ሄሎ። እናትነሽ። እኔ ነኝ። ኧረ ቀስ በይ፣ ምኑን ነው የምጫነው?" ሳቁ። "አንቱ አንቱ ስትይኝ አለቃሽ አጠገብሽ ቆሟል ማለት ነው። ይሁን፣ አትመልሺልኝ። ጆሮሽን ብቻ ስጪኝ። ፍየሏ መንታ ወለደች።"

ሌላኛው ላይ ነፋስ አለ፣ የክንዴ ሳል አለ። "ዓይኔ ጥሩ ነው። ትናንት ክር ራሴ በመርፌ ቀዳዳ አስገባሁ። ጎረቤቶቼ ሲያዩኝ ዝም ይላሉ፤ ማየት ስጀምር ሰው ሁሉ ዓይኑን ያሸሽ ጀመር። ቀድሞም እንዲህ ኖሮ አላየሁት እንደሆን እንጃ።"

የትናንት በስቲያው አጭር ነው። "የምትይውን ሁሉ በቃሌ ያዝኩት። ለዳንግላ አንድን ይጫኑ። ለጫግኒ ሁለትን ይጫኑ። መልእክት ለመተው ሦስትን ይጫኑ። ክንዴ ሲሰማኝ ከቤት ይወጣል።" ከዚያ ነፋስ ብቻ። "ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው የምትይው፣ ልጄ። ደክሞሻል?"

ያቺን ካዳመጥኩ በኋላ እንቢ ማለት ይገባኝ ነበር። እኔ ግን ወንበሬን ወደ ጠረጴዛው ሳብኩና ሥራ ጀመርኩ። ለደከማት ልጅ ዕረፍት መስጠት ነው ብዬ ራሴን ያታለልኩ አይመስለኝም። ይቻል እንደሆነ ማየት ፈልጌ ነው።

የቀዳን ቀን የነበረው ሁሉ፣ ያልተቆረጠው፣ እኔ ጋ አለ። ክፍላችን ውስጥ ነው የቀዳነው፤ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለን፣ የጎረቤት ውሻ ዝም እስኪል እየጠበቅን። በመሀል ሻይ አማራት፤ "ሻይ አዝዤ እመጣለሁ" ብላ ወጣች። በመሀል ስልኳ ጠራ፤ እናቷ ነበሩ። "እማ፣ ደህና ነኝ። ሥራ ላይ ነኝ፣ እደውላለሁ።" ያን ጊዜ ቀረጻዬን አበላሸሽብኝ ብዬ ተቆጥቻት ነበር፤ ቁጣዬም ተቀድቷል። እንግዲህ "እማ፣ ደህና ነኝ" አለ። "ሥራ ላይ ነኝ" አለ። "እመጣለሁ" አለ። "ለሠርግ" የሚለው ቃል ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፦ "ለሠርግና ለለቅሶ መኪና ለመከራየት አራትን ይጫኑ።" ከ"ለሠርግ" በኋላ ቢላዋውን አሳረፍኩ። ለቅሶው ከነመኪናው ወደቀ።

ገጣጥሜ ሳዳምጠው ቃሉ ሁሉ አለ፣ ሰው ግን የለም። የሰዓት ማስታወቂያ ይመስላል። አንድ ነገር እንደጎደለ ለማወቅ ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ፤ ለካ ስቆርጥ ትንፋሿን ሁሉ አብሬ ቆርጬ ጥያለሁ። ሰው ሳይተነፍስ አይናገርም። ተመልሼ ፈለግኩ። ያን ዕለት የእናቷን ስልክ ከማንሳቷ በፊት፣ ልትስቅ ይሁን ልትናገር ሳትወስን የሳበቻት አንዲት ትንፋሽ አለች፤ አጭር፣ ጫፏ ላይ በአፍንጫ የምትመለስ። እሷን ወሰድኩና ከ"እማ" ፊት አስቀመጥኳት። ደግሜ "ለሠርግ" ከሚለው ፊትም አደረግኳት፣ ትንሽ ዝቅ አድርጌ።

አጫወትኩት። ወንበሬን አዙሬ ወደ በሩ አየሁ። በሩ ዝግ ነበር።

አጎቴ ከቅዳሴ መልስ፣ ስድስት ሰዓት አልፎ፣ የምሥራችን አስከትለው መጡ። ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረግሁላቸው። አንድ ጊዜ ሰሙ። እጃቸው የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘ። አመሰግናለሁ አላሉም፣ ይበቃል አላሉም። "ድገሚው" አሉ። ደገምኩት። "ድገሚው" አሉ ደግመው፤ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። እናትነሽን ባሕር ዳር ያስታመሟት እሳቸው ነበሩ፤ መጨረሻ ላይ የተናገረችውን ለማንም አልነገሩም። ማዳመጫውን ሲያወልቁ ጆሯቸው ቀልቶ ነበር። "በቃ፣ እንዲሁ አድርጊው" አሉና ተነስተው ውጭ ቆሙ።

ማዳመጫውን ለየምሥራች ዘረጋሁላት። እጇን ወደ ኋላዋ ደበቀች።

"አልሰማም።"

"ላንቺ ሠርግ ነው እኮ የተሠራው።"

"አውቃለሁ፤" አለች። ከአጎቴ ኋላ ስትሄድ ቀሚሷ በበሩ ሚስማር ተያዘ፤ ሳታየው ስባው ሄደች፣ ክሩ ሚስማሩ ላይ ቀረ።

ትእዛዙን መጻፍ ብዙ አላስቸገረኝም። ከክንዴ ቁጥር ስልክ ሲመጣ ሰላምታውን ተወው፣ ይህችን አጫውት፣ ከዚያ ዝጋ። ጻፍኩ፣ አስቀመጥኩ፣ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ሽባባው ምሳ ወጥቷል። ይሄነው ወደ ዳንግላ ሄዷል። ከሰል ጫኞቹ ውጭ ይጯጯሃሉ። በመሀል ሌሎች ደወሉ፤ በማጉያዋ እናትነሽ ለሁሉም መለሰችላቸው፤ ቀጣዩ መኪና ወደ ጫግኒ በዘጠኝ ሰዓት ተኩል ይነሳል አለች፤ አንዱ ደዋይ ሳያስጨርሳት ዘጋባት። እኔ የማስበው አንድ ነገር ነበር። ለሠርግ እመጣለሁ ትላቸዋለች። ከዚያ ሠርጉ ይመጣል። አክስቴ በዚያ በዳነው ዓይናቸው ከየመኪናው የሚወርደውን ሰው አንድ በአንድ ያያሉ። ደጃቸው በሚጣለው ድንኳን ውስጥ ከጎናቸው ቦታ ይይዙላታል። ሌላ ሰው ሊቀመጥበት ሲል "ልጄ ትመጣለች፣ ነግራኛለች" ይላሉ፤ ያን ጊዜ የነገረቻቸው ማን ናት?

ዘጠኝ ሰዓት ሲል ጠራ። የክንዴ ቁጥር ነው። አንድ ጊዜ ጠራ። ሁለተኛውን ሲጀምር እጄ ቀደመኝ፤ አነሳሁት።

"ሄሎ፤" አሉ አክስቴ። ነፋስ አለ፣ ራቅ ብሎ የከብት ደወል አለ። ሰላምታዋን ጠበቁ። በቃላቸው ይዘውታልና መቼ እንደምትጀምር ያውቃሉ።

"እናትነሽ።"

አፌን ከፈትኩ። በዚች ከተማ ለሚናገረኝ ሁሉ መልስ አጥቼ የማላውቀው እኔ፣ አንድ ቃል አልወጣኝም።

"ዛሬ እንኳን ደህና መጡ አትይኝም?"

የስልኩን ሽቦ በጣቴ ጠመጠምኩ።

"ማነው? ትንፋሽ ይሰማኛል። ሜላት ነሽ?"

አዎ ማለት ቀላል ነበር። አዎ አክስቴ፣ እናትነሽ ሻይ ልታዝዝ ወጥታለች ማለት ከዚያም ይቀል ነበር። እንደ እኔ ውሸትም እውነትም አፏ ላይ የሚፈጥንላት ሰው የለችም።

"ሜላት፤" አሉ ቀስ ብለው፣ "አንቺ ዝም ብለሽ አታውቂም።"

ነፋሱ ብቻ ነፈሰ። የከብቱ ደወል ሄደ፣ ተመለሰ። ስልኩን ከፊታቸው አራቁት፣ ከዚያ መለሱት። ክንዴ ከሩቅ "ምን አለች እማ?" ሲል ሰማሁ።

"ስሚኝ፤" አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል፣ ለእኔ ብቻ ነው። "መሳፍንትን በጠዋት ና በይው። ብቻውን አይምጣ። ቄሱን ይያዝ። ጠላው ተጠንስሷል፤ ለሚመጣው ሰው ይሆናል።"

ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፤ ክንዴ እንዲሰማው፣ እየሳቁ ነው ሊባል እስኪችል ድረስ።

"እሺ ልጄ። ደግ። ሥራሽን ሥሪ እንግዲህ። በይ ደህና ዋይ፣ እናትነሽ።"

ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ጆሮዬ ላይ ይዤው ቆየሁ። ማወቃቸውን ልጃቸው ኮረብታው ላይ ሰምቶ እንዳይደነግጥባቸው ነው። እኛ ጾሙን ሙሉ ስናደርግላቸው የከረምነውን፣ እሳቸው በአንድ ትንፋሽ ለልጃቸው አደረጉት፤ ከእኛም አሳምረው።

ቤት ስደርስ አጎቴ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። "ምን አለች?"

"በጠዋት ይምጣ አሉ። ቄስ ይያዝ አሉ።"

ፊታቸው ተለዋወጠ። "ነገርሻት?"

"አንድ ቃል አልተናገርኩም።"

"ታዲያ ማን ነገራት?"

አጎቴ ዝም ማለቴን አዩና ቀስ ብለው ደፉ ላይ ተቀመጡ፤ አንድ ነገር እንደገባው ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ። ብዙም ሳይቆዩ ስልካቸውን አውጥተው ሽማግሌዎቹን መጥራት ጀመሩ፤ ከሁሉም በፊት ለሽባባው ደውለው በሌሊት የሚነሳ ሚኒባስ ለመኑ። ለምን እንደሆነ ሲጠየቁ "ለለቅሶ" አሉ፤ ቃሉን ሲናገሩ ድምፃቸው ቀለለ፣ ከባድ ነገር ያወረደ ሰው ድምፅ ሆነ።

የምሥራች ከውስጥ ወጣች። ከአጎቴ ጎን አልፋ፣ የእህቷን ጫማ በሁለት እጇ አነሳች። ጤዛው ደርቆ አቧራ ይዞት ነበር። በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው፤ ተረከዙን፣ ከዚያ ማሰሪያውን።

"ሰዎቹስ?" አሏት አጎቴ። የሙሽራውን ወገን ማለታቸው ነው።

"ዓመት ይጠብቁ። ካልጠበቁም መንገዱ ሰፊ ነው፤" አለችና ጫማውን ይዛ ገባች። እንደ እኔ ነው የተናገረችው።

ሽባባው ድምፁ ዛሬ ይለቅ ብሏል፣ ነገ ደግሞ ሁላችንም ቆላ ነን። ስለዚህ ብርድ ልብሱን መስኮቱ ላይ እንደገና ሰቀልነው። የምሥራች እናትነሽ አልጋ ላይ ተቀመጠች፣ ጫማው ጭኗ ላይ ነው። ውሻው እስኪያቆም ጠበቅን። እንኳን ደህና መጡ አልኩ። ለዳንግላ አንድን፣ ለጫግኒ ሁለትን ይጫኑ አልኩ። "ለሠርግና ለለቅሶ" የሚለው ላይ ስደርስ ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ፤ በሦስተኛው ወጣልኝ።

ሳይጨልም ፍላሹን ይዤ ቢሮ ተመለስኩ። ሽባባው ቁልፉን ሰጥቶኝ ሄደ፤ ነገ አብሮን እንደሚመጣ ነገረኝ፣ ሳልጠይቀው። የአክስቴን መልእክቶች ለብቻ አስቀመጥኩ። ያቺን ለሠርግ እመጣለሁ የምትለዋን ፋይል አጠፋኋት፤ ከክንዴ ቁጥር ጋር ያሰርኩትንም ትእዛዝ አነሳሁ። የእናትነሽን ሰላምታ አውጥቼ የእኔን በቦታው አስገባሁ። ትንፋሿን ማጥፋት አልቻልኩም ብል ውሸት ነው። አልፈለግኩም። ከእኔ ሰላምታ ፊት፣ መጀመሪያው ላይ ቀጠልኳት። ለማንም አልተናገርኩም።

ለሙከራ በራሴ ስልክ ደወልኩ። አንድ ጊዜ ጠራ፣ ሁለት ጊዜ ጠራ። በሦስተኛው አነሳችው። ትንፋሿን ሳበች፤ ከዚያ እኔ መናገር ጀመርኩ።